ሞተሩ የመሥሪያ ቤቱ፣ ዝናቡ የኔ

እኔ እርጥብ ነኝ። ይህን ስጽፍ ካልሲዬ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሏል፣ ጫማዬ ውስጥ የጋዜጣ ወረቀት ጠቅጥቄበታለሁ፣ ሞተሬ ደግሞ በረንዳው ላይ ቆማ ቀይ ጭቃ ታንጠባጥባለች። (አዎ፣ ሞተሬ ሴት ናት። ወንድ ብትሆን ኖሮ ጠዋት ጠዋት እንዲህ በአንድ ምት አትነሳም ነበር።)

አዲስ አበባ ያሉት የክፍል ጓደኞቼ ስለ አየሩ ሳማርር ይስቁብኛል። "አንቺ ደግሞ! አሶሳ እኮ ቆላ ነው፣ ምን ብርድ አለና ነው?" በግማሽ ልክ ናቸው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ከአዲስ አበባ ጋር ስትነጻጸር ሞቃት ናት። መጋቢት ላይ ብትመጡ ፀሐዩ ራሱ "ደግሞ እናንተ ምን ቀረባችሁ?" ይላችኋል። ሞተር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን አየሩ ሌላ ነው። ሰው ቆሞ ሲውል ገላው ዙሪያውን ሞቅ ያለ ስስ አየር ይለብሳል። ነፋስ ያንን ይገፈዋል። ልብስ ሲረጥብ ደግሞ ውኃው ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚበደረው ከናንተው ገላ ነው፣ መልሶም አይከፍልም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሞተረኛ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን እንኳ የራሱን ነፋስ ይዞ ነው የሚሄደው። እውነተኛው ነፋስ ከነዝናቡ ሲጨመርበት፣ ከባምባሲ አሶሳ ያለችው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሳታልቅ ጣቶቼ ፍሪሲዮን መጨበጥ ያቅታቸዋል። ቆላ ነው አላችሁ? ኑና ከኋላዬ ተቀመጡ።

ደግሞ የኛ ዝናብ እንደ መሀል አገሩ በልግ፣ ክረምት እያለ አያርፍም። ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የዓመቱን ግማሽ ማለት ነው። ማንም ስለ ዝናቡ ክፉ እንዲናገር አልፈልግም፤ ማሽላው በሱ ነው፣ ማንጎው በሱ ነው፣ ቀርከሃው በሱ ነው። የዳቡስ ወንዝም ይህንኑ ዝናብ ይዞ ነው አባይ ውስጥ የሚገባው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ ሲመረቅ አገር ሁሉ ያየው የሕዳሴ ግድብ ውኃ ውስጥ የኛም ሰፈር ጠብታ አለበት። እንዲያውም ከካልሲዬ የተጨመቀው ሳይኖርበት አይቀርም። እኔ ጠቤ ከዝናቡ ጋር አይደለም። ጠቤ ከማን ጋር እንደሆነ ቆይ እደርስበታለሁ።

በቅድሚያ ስለ ነፋሱ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ስለ ዝናብ ሁሉም ያወራል፣ ስለ ነፋስ የሚያወራ የለም።

እዚህ ዝናብ ብቻውን አይመጣም። ነፋስን ያስቀድማል። ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በአንድ ወገን እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ በሌላው ወገን ፀሐይ ነው። አየሩ ጸጥ ይላል። ፍየሎቹ ከሰው ቀድመው ያውቁና ወደ ቤት ይሮጣሉ። ከዚያ ድንገት ቀይ አቧራ እንደ ግድግዳ ተነስቶ ይመጣል፣ ከአቧራው ጋር ፌስታል፣ ቅጠል፣ የአንድ ሰው ጃንጥላ፣ አንዳንዴም ቆርቆሮ። ነገሩ ምሥጢር የለውም። ከደመናው የሚወርደው ዝናብ በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወድቃል፤ መሬት ሲመታ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ወደ ጎን ይረጫል። አንድ ባልዲ ውኃ ሲሚንቶ ላይ ስትደፉ የሚሆነውን አስቡት። ስለዚህ ዝናቡ ገና ሩቅ እያለ ነፋሱ እናንተ ጋ ደርሷል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እስኪወድቁ ያለችው ጥቂት ደቂቃ የሞተረኛ የመጨረሻ ዕድል ናት። በዚያች ደቂቃ መቆም አለበት። እኛ ግን በዚያች ደቂቃ ምን እናደርጋለን መሰላችሁ? ነዳጅ እንጨምራለን። "ሳይመታኝ ልግባ" ብለን።

የነፋስ ጉልበት ደግሞ እንደ ደመወዛችን በትንሽ በትንሹ አይደለም የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በመኪና ያለ ሰው ይህን በመስኮት ፉጨት ነው የሚያውቀው። ሞተረኛ በጎኑ ያውቀዋል። ግራና ቀኙ ዛፍ በሆነ መንገድ በሰላም ስትሄዱ ቆይታችሁ ዛፉ ድንገት አልቆ ሜዳ ላይ ስትወጡ፣ አንድ የማይታይ ሰው በትከሻው ይገፈትራችኋል። ድልድይ ላይም እንደዚያው ነው። ከፊት ሲኖትራክ ሲመጣ ደግሞ (አዲስ አበቤ "ቀይ ሽብር" ያለው በከንቱ አይደለም) መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋችኋል፣ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ራሱ ይስባችኋል፤ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ውስጥ። ያን ጊዜ ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው መሪውን አንቆ መያዝ ነው። ስህተት ነው። ሞተሬን የሚጠግንልኝ መካኒክ በመጀመሪያው ወር "እህቴ፣ መሪውን እንደ ዶሮ አታንቂው፣ እንደ ልጅ እጅ ያዢው" ብሎኝ ነበር። ፍጥነት መቀነስ፣ ታንኩን በጉልበት ቆንጠጥ፣ እጅን ላላ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ትንሽ ራቅ። ነፋሱ ሲገፋ ለመወዛወዝ ቦታ ያስፈልጋችኋላ።

አስፋልቱም ቢሆን በመጀመሪያው ዝናብ አይታመንም። ወራት የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ከጠብታው ጋር ተለውሶ ሳሙና ይሆናል። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ከሚቀጥለው ሁለት ሰዓት ይከፋል። አፈር መንገድ ላይ ደግሞ ቀዩ ጭቃ ጎማና ፓራፋንጎው መሀል ይሞላና ጎማው መዞር ያቆማል፤ እንጨት ፈልጎ መፈንቀል ነው፣ በየመቶ ሜትሩ። የፊት ፓራፋንጎአቸውን ፈትተው የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ። ጭቃው ታዲያ የት ይሄዳል? ፊታቸው ላይ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቀው ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ወድቄ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ተመርቄ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ክፍል ውስጥ ገብቼ ነበር። "ክፍል" ስላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ጸሐፊውም፣ ፎቶ አንሺውም፣ ሾፌሩም እኔው ነበርኩ። ሞተር ተሰጥቶኛል። ሞተሩ ሲሰጠኝ በሦስት ቅጂ ፈርሜ ነው፤ ስፔኪዮ ሁለት፣ ፍሬቻ አራት፣ መለዋወጫ ካንዴላ አንድ፣ ሁሉም ተቆጥሮ ተጽፏል። ሄልሜት የሚል መስመር አልነበረም። የዝናብ ልብስ የሚል መስመርም አልነበረም። ሄልሜቱን በመጀመሪያ ደመወዜ ገዛሁት። ለዝናብ ልብሱ ሁለተኛው አልበቃም።

የዚያን ቀን ባምባሲ ስብሰባ ነበር፣ ለ8 ሰዓት ተኩል የተጠራ። ሰባት ሰዓት ላይ ሰማዩን አየሁት፣ ሰማዩም አየኝ። አለቃዬ ጋ ደውዬ "ዝናቡ እስኪያልፍ ትንሽ ልቆይ?" አልኳቸው። "እንዴ፣ ሞተር ተሰጥቶሽ የለ እንዴ?" አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጥያቄው ከልባቸው ነው፤ በሳቸው ሒሳብ ሞተር ማለት የዝናብ መልስ ነው። በእግርሽ ሂጂ አላሉኝም!

የራሴንም ጥፋት ልናገር፤ ሁሉን በአለቃ ማላከክ ደስ አይልም። መንገድ ላይ አቧራው ሲነሳ አይቻለሁ። ከመንገዱ ዳር የሱቅ በረንዳ ነበር፣ ሦስት ሞተሮች ቆመዋል፣ አንዱ ልጅ በእጁ "ነይ ነይ" ብሎ ጠርቶኛል። አልቆምኩም። ለምን? ሴት ስለሆንኩ። እኔ ብቆም "ፈራች" ነው የሚባለው። ወንድ ሲቆም ዝናብ ስለመጣ ነው፣ ሴት ስትቆም ሴት ስለሆነች ነው። (ሞተር መንዳት የጀመርኩ ሰሞን ጎረቤቶቻችን እናቴን "ልጅሽ ደኅና ናት?" ብለው ጠይቀዋታል። ጤናዬን ማለታቸው አልነበረም።) እናም ያንን በረንዳ ክላክስ አድርጌለት አለፍኩ። አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ዛፎቹ ካለቁበት ቦታ ላይ ነፋሱ በግራ ጎኔ መታኝ። መሪውን እንደ ዶሮ አነቅሁት። የኋላው ጎማ እርጥቡ አስፋልት ላይ ሸሸ፣ ቀጥሎ የማስታውሰው ከሞተሩ ጋር ጎን ለጎን መንሸራተታችንን ነው። የግራ እጄ አንጓ ተሰንጥቋል። ሄልሜቴ ከጆሮዬ በላይ መሀል ጣቴ የሚገባበት ጭረት አለው፤ እስካሁን አልጣልኩትም፣ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ሌላ ገዝቻለሁ። ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት የወጡ ባልና ሚስት አንስተው አስገቡኝ። እናትየዋ ትኩስ ካርካዴ ሰጡኝና ጭቃውን ከፊቴ እየጠረጉ "ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስብሰባው እንኳ በዝናቡ ምክንያት አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው የተጀመረው! ተሰብሳቢዎቹ ዝናቡ እስኪያባራ እየጠበቁ ነበር።

እጄ ጀሶ ውስጥ እያለ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደስ አለኝ፣ የ"እግዜር ይማርሽ" መስሎኝ። ጉዳዩ፡ ስለ ተሰበረ ስፔኪዮና ፍሬቻ ማብራሪያ ስለ መጠየቅ። በቀኝ እጄ መልስ ጻፍኩ፣ ደግነቱ ግራኝ አይደለሁም።

ያን ጊዜ ነው ይህ አምድ የተጸነሰው። የሴትዮዋ "ምን አስቸኮለሽ?" ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጥያቄው ግን "ማን አስቸኮለሽ?" መሆን ነበረበት።

ከሳምንታት በኋላ እጄ ሲድን፣ ያንን ክላክስ ብቻ ያደረግሁለትን በረንዳ ደንበኛ ሆንኩ። የአሶሳ አካባቢ በረንዳ ራሱን የቻለ ተቋም ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው እየተጯጯኸ ያወራል፤ ሻይ አለ፣ የስልክ ቻርጅ አለ፣ ፖለቲካም አለ (እሱ ከድምፁ የተነሳ ግማሹ አይሰማም፣ ጥሩ ነው)። እዚያ የሚቆሙትን ብታዩ ክልሉ በማን ጀርባ እንደሚንቀሳቀስ ይገባችኋል። የክትባት ሳጥን ከኋላ ያሰረ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ከስደተኞች መጠለያ የሚመለስ የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኛ፣ የመምህራን ደመወዝ ወረቀት በደረቱ የያዘ ልጅ፣ ዳቦ የሚያመላልስ ወጣት። ሁሉም ተልከው ነው። የላኳቸው ሰዎች ደግሞ ጣራ ሥር ናቸው። የሁሉም ስልክ በየአምስት ደቂቃው ይጮኻል፤ "የት ደረስክ?"

(ስለ መጠለያ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ነገር። ብዙ ሰው ዝናብ ሲመታው የሚሮጠው ወደ ማንጎ ዛፍ ነው። የአሶሳ ማንጎ ጥላው የቤት ያህል ስለሆነ አይፈረድም። ግን መብረቅ ረጅምና ነጠላ ነገር ይወዳል። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ማንጎ ሥር ከመቆም ተርባችሁ ቤት ማንኳኳት ይሻላል። ሞተሩም አያድናችሁም፤ መኪና ውስጥ ያለውን ሰው የሚያድነው በዙሪያው ያለው ብረት ነው፣ እኛ ብረቱ ላይ ነን እንጂ ውስጡ አይደለንም።)

በረንዳው ላይ የተማርኩት ብዙ ነው። የሄልሜት መስታወት በዝናብ ቀን በትንፋሽ እንዳይደበዝዝ ውስጡን በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ማሸት። ከካልሲ በላይ ፌስታል፣ ከፌስታል በላይ ጫማ። እጅ ላይም መጀመሪያ ጓንት፣ ከዚያ ፌስታል። በነገራችን ላይ ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ፌስታል ስለከለከለ ቤቴ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ፌስታሎች አጥቤ እያሰጣሁ እንደ ቅርስ ይዣቸዋለሁ። ለአካባቢው ጥሩ ሕግ ነው፣ አልቃወምም፤ ጣቶቼ ግን አስተያየት አላቸው። ቶብ ወይም ነጠላ የለበሰች ሴት ከኋላ ስትሳፈር ጨርቁን ከሥሯ ጠቅልላ ካልተቀመጠች ነፋሱ ወደ ጎማው ነው የሚሰደው፤ ዝነኛዋ ዳንሰኛ ኢሳዶራ ደንካን በ1927 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ውስጥ የሞተችው የአንገት ልብሷ በመኪና ጎማ ተጠልፎ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የጋዜጣው ነገር ነው። ከጃኬት ሥር ደረት ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ መዝጋት። ነፋስ አያስገባም፣ ቀላል ነው፣ ሲረጥብ ይጣላል። በቱር ደ ፍራንስ ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከተመልካች ጋዜጣ ተቀብለው ማልያቸው ውስጥ እየከተቱ ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም ለስንቱ ሰው ምን ምን እንዳገለገለ ታውቃላችሁ፤ እኔን ደግሞ ከሳንባ ምች አድኖኛል። አራት ዓመት ጋዜጣ ተምሬ በመጨረሻ ደረቴ ላይ ዋለ። አባቴ "ሙያሽን ከልብሽ ያዢ" ያሉኝ ይህን ይሆን?

ቀልዱን ወደ ጎን። ይህ ሁሉ ብልሃት፣ ሳሙናው፣ ፌስታሉ፣ ጋዜጣው፣ ሞተረኛው በራሱ ኪስና በራሱ ቆዳ የሚከፍለው ነው። እኛ ደግሞ ይህን ስናይ "ጎበዝ! በዚያ ዝናብ መጣ እኮ!" ብለን እናጨበጭባለን። እኔ ይህ ጭብጨባ ይቅር ነው የምለው። በዚያ ዝናብ የመጣው ሰው ጀግና አይደለም፤ ወይ የሚቆምበት በረንዳ አላገኘም፣ ወይ እንዲቆም አልተፈቀደለትም። ጠቤ ከማን ጋር እንደሆነ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ከላኪው ጋር ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር። "የዐረቢያው ሎሬንስ" የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1935 እ.ኤ.አ. በሞተር ሲሄድ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወድቆ ጭንቅላቱ ተመታ፣ ከስድስት ቀን በኋላም ሞተ። ሄልሜት አልነበረውም፤ ያኔ ማን ነበረው? ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ነገሩ አልለቀቀውም። ጦርነቱ ሲመጣ የእንግሊዝ ጦር መልእክት የሚያመላልሱ ሞተረኞቹን በብዛት በአደጋ ያጣ ነበርና ኬርንስ ጉዳያቸውን አጥንቶ በ1941 ሄልሜት ሕይወት እንደሚያድን ጽፎ አሳተመ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጦሩ በሥራ ላይ ያለ ሞተረኛ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርግ አዘዘ። ልብ በሉ፤ ያዘዘው ላኪው ነው። ለሞተረኛው "ተጠንቀቅ" ብሎ ምክር አልሰጠውም፣ ራሱ አለበሰው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ ጭንቅላት ላይ የመጎዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። እኔ ከጆሮዬ በላይ ባለው ጭረት አምኜበታለሁ።

በኛም አገር ሕግ የለም እንዳይባል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ ያዛል። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ነው የሚተዳደረው፤ ቢሆንም ዝናቡ የመንግሥት ነህ የግል ብሎ አይጠይቅም። የግንባታ ሠራተኛ ያለ ሄልሜት ሲታይ ቢያንስ የሚቆጣ አለ። ሞተረኛ ግን በኛ አእምሮ ሠራተኛ አይደለም፣ ሞተር ነው። ስለ ሞተረኞች አገር ያወራበትን ጊዜ አስታውሱ፤ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሞተር ባገደች ጊዜ ነበር። ያኔ ሁሉም ያወራው ስለ ቅሚያና ዝርፊያ ነው። ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ብርድ ይመታዋል ወይ ያለ አልነበረም።

የሚቃወሙኝን አውቃቸዋለሁ። አንዳንዶቹ በዚሁ በረንዳ ላይ ተቃውመውኛል። "ሁሉም ዝናብ መጣ ብሎ ከቆመ ስድስት ወር ሙሉ ሥራ ይቁም ነው የምትዪው?" አለኝ አንድ የግብርና ባለሙያ። እንዲህ አላልኩም። እኛ ጋ ዶፉ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቅ ውላ ደመናው የሚከመረው ያኔ ነዋ። ታዲያ ከግንቦት እስከ መስከረም የወረዳ ስብሰባ ለምን በ8 ሰዓት ተኩል ይጠራል? በ3 ሰዓት ቢጠራ ምን ይጎድላል? ነፋስ የቀደመው ዶፍ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይቆይም፤ ብዙውን ጊዜ ሻይ ተጠጥቶ፣ ሁለተኛው ተደግሞ፣ ያልፋል ወይም ወደ ተራ ካፊያ ይለወጣል። በካፊያ እንነዳለን፣ ማን እምቢ አለ? እኔ የምጠይቀው ያችን ሰዓት ነው። ሞተር ሲሰጥ በዚያ በሦስት ቅጂ በሚፈረመው ወረቀት ላይ ሄልሜት አንድ፣ የዝናብ ልብስ አንድ፣ ጓንት አንድ ጥንድ ተብሎ ይጻፍ። ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። "በረንዳ ላይ ነኝ" ያለ ሰው ደግሞ ማርፈጃ ሰዓቱ አይቆጠርበት።

ነርሱ ግን ያለኝን መመለስ ይከብደኛል። "የኔ ሳጥን ውስጥ በረዶ አለ፣ በረዶው ይቀልጣል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ መጥተው ይጠብቁኛል። አንቺ ፎቶ ነው የያዝሽው፣ እኔ ክትባት።" እውነቱን ነው። የሱ መቆም እንደኔ መቆም ቀላል አይደለም። ግን ይህንኑ ሲለኝ እግሩ ላይ የነበረው የላስቲክ ሸበጥ ነው፤ የዝናብ ልብሱም ከስኳር ጆንያ የውስጥ ላስቲክ የተሰፋ። ሊቆም የማይችለውን ሰው ነው ያላለበስነው።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ስለ ራሴ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ውሸታም እሆናለሁ።

ባለፈው ሐምሌ የላፕቶፔ ቻርጀር ተበላሸና አንድ ዕቃ የሚያመላልስ ሞተረኛ ልጅ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ አዲስ እንዲያመጣልኝ ላክሁት። ጽሑፍ ማስረከቢያዬ ደርሶ ነበር። ዝናቡ ጀመረ። እኔ ቤት ውስጥ ነኝ፣ ጋቢ ተከናንቤ። ደወልኩ፤ "የት ደረስክ?" ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሜ ደወልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል፣ ነፋሱም ስልኩ ውስጥ ይጮኻል፤ እየነዳ ነው ያነሳው፣ በአንድ እጁ። "መጣሁ እህቴ፣ መጣሁ" አለ። እኔ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የወደቅሁት ሰውዬ፣ "እንዴት እስካሁን?" አልኩት።

መጣ። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ውኃ ነበር። ቻርጀሩን ከሸሚዙ ሥር አወጣው፤ በገዛ ጃኬቱ ጠቅልሎት ነው፣ ጠብታ አልነካውም። ሒሳቡን ስሰጠው ጣቶቹ ብሩን መቁጠር አቃታቸው፣ ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። ግባና ሻይ ጠጣ አልኩት። ሌላ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ፣ እሱም እየደወለ መሆኑን ነገረኝ። ሞተሩን አስነስቶ ሊሄድ ሲል ዞር አለና፣

"እህቴ፣ ፌስታል ይኖርሻል? ለእጄ።"

ከቅርሶቼ ሁለቱን ሰጠሁት። ጋዜጣም ጨመርኩለት።